ለስፖርት ሞተር ሳይክል ብዙ የሚሄድና መንገድ የሚይዝ ጎማ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአስፋልት ላይ ለሚነዳ የስፖርት ሞተር ጎማ ሲመረጥ፣ ሲገጠምና ሲያልቅ የሚነሱ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

በጎማው ጎን ላይ የተጻፉት ቁጥሮችና ፊደሎች ምን ማለት ናቸው?

«120/70 ዜድአር 17 (58ደብሊው)» የሚል የፊት ጎማ እንውሰድ። 120 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ የ120 ሰባ በመቶ 84 ሚሊ ሜትር ነው። አር ፊደል የራዲያል አሠራርን (የጎማው ውስጥ ክሮች ከጎን ወደ ጎን ቀጥ ብለው የሚሄዱበትን) ያሳያል፣ 17 ደግሞ የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች። 58 የሚሸከመው ክብደት መለያ ሲሆን 236 ኪሎ ግራም ማለት ነው። በኋላ ጎማ ላይ በብዛት የሚታየው 73 ደግሞ 365 ኪሎ ግራም ነው።

ዜድ በሰዓት ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚችል፣ ደብሊው እስከ 270 እንደሚሄድ ያመለክታል። ደብሊው በቅንፍ ውስጥ ከሆነ ከ270ም ያልፋል። በሞተሩ መመሪያ መጽሐፍ ከተጻፈው የክብደት ወይም የፍጥነት መለያ ዝቅ ያለ ጎማ አይገጠምም። «እኔ በዚያ ፍጥነት አልነዳም» የሚለው መልስ አያዋጣም፤ መለያው ጎማው ሙቀትንና ጫናን የሚችልበትን ልክም ይናገራልና።

ጎማው መቼ እንደተመረተ በምን አውቃለሁ?

«ዲኦቲ» ከሚለው ምልክት ጀምሮ የሚሄደውን ረድፍ ተከትለው መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች ያንብቡ። 2319 ከሆነ ጎማው በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተመርቷል። ሦስት አሃዝ ብቻ ካገኙ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ እንዳለ ቢሆን እንኳ አይግዙት።

በጨለማና ቀዝቀዝ ባለ ቦታ የተቀመጠ ጎማ አንድ ሁለት ዓመት ቢቆይ የሚያሰጋ ነገር የለውም። አምስት ዓመት ካገለገለ በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፤ ከተመረተ አሥር ዓመት ከሞላው ምንም ቢመስል ይጣል። ላስቲክ ሳይነዳም ይደርቃል። በጎኑና በቦዮቹ ሥር ፀጉር የሚያካክሉ ስንጥቆች ካዩ የጥርሱን ጥልቀት መለካትም አያስፈልግዎትም።

ለመንገድ የሚሆነኝ የትኛው ዓይነት ነው?

ገበያው ላይ ያሉት በግርድፉ አራት ናቸው። ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው ቶሎ የሚሞቅ፣ ዝናብ የሚችልና ብዙ የሚሄድ ነው፦ ሚሽሊን ሮድ 6፣ ፒሬሊ ኤንጅል ጂቲ 2፣ ደንሎፕ ሮድስማርት 4፣ ብሪጅስቶን ቲ32። ስፖርት የሚባለው ለስለስ ያለ፣ መሪው ላይ ፈጣን፣ ዕድሜው አጠር ያለ ነው፦ ፒሬሊ ዲያብሎ ሮሶ 4፣ ብሪጅስቶን ኤስ22፣ ሜትዝለር ስፖርቴክ ኤም9 አርአር። ሦስተኛው መንገድ ላይ እንዲነዳ የተፈቀደለት የትራክ፣ ማለትም የእሽቅድምድም ሜዳ ጎማ ነው፤ ፒሬሊ ሱፐርኮርሳ ኤስፒ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። አራተኛው ጥርስ የሌለው የውድድር ጎማ ሲሆን መንገድ ላይ ቦታ የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሦስተኛው ላይ ነው። የትራክ ጎማ የሚይዘው ሲግል ነው፤ ውድድር ላይ ጎማ በማሞቂያ ብርድ ልብስ ወደ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ተጠግቶ ነው የሚወጣው። በከተማና በአገር አቋራጭ መንገድ ላይ ያንን ሙቀት ማግኘትም ሆነ ይዞ መቆየት አይቻልም። መብራት ላይ ሁለት ደቂቃ ቆመው ሲነሱ ጎማው ከሙቀቱ ቀንሷል። ስለዚህ በጣም ውድና በጣም ለስላሳ የሆነው ጎማ፣ በማለዳ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ከስፖርት ቱሪንጉ ያነሰ ሊይዝ ይችላል።

መንገድ ላይ የሚጠቅመው ጎማ ቀዝቃዛም እርጥብም ሆኖ፣ ግማሽ ዕድሜውን ጨርሶም የሚይዝ ነው። ሞተርዎን ለሥራ መመላለሻም ለእረፍት ቀንም የሚነዱ ከሆነ ስፖርት ቱሪንግ ይግዙ። የሚነዱት በአብዛኛው ደረቅና ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ከሆነ ስፖርቱን ይምረጡ። ከዚያ ያለፈው ለትራክ ቀን ይቆይ።

ብዙ የሚሄድ ጎማ ሁልጊዜ አያያዙ ደካማ ነው?

ድሮ እውነት ነበር። ጠንካራ ቅመም (ጎማው የተሠራበት የላስቲክ ድብልቅ) ብዙ ይሄዳል፣ ይንሸራተታል፤ ለስላሳው ይይዛል፣ ቶሎ ያልቃል። አሁን ግን አንድ ጎማ ላይ ሁለት ቅመም ይደረጋል፦ መሐሉ ጠንከር ያለ፣ ሞተሩ ሲያጋድል መሬት የሚነካው ትከሻ ደግሞ ለስለስ ያለ። ቀጥታ ሲነዱ የሚያልቀው መሐሉ፣ ኩርባ ላይ ሕይወትዎን የያዘው ትከሻው ስለሆነ ሁለቱም ድርሻቸውን አገኙ ማለት ነው። ሚሽሊን ይህን ዘዴ «2ሲቲ» ይለዋል። «2ሲቲ+» በሚለው ደግሞ ለስላሳው ትከሻ ከሥሩ ጠንካራ ቅመም ስለተነጠፈለት ነዳጅ እየሰጡ ከኩርባ ሲወጡ አይዋልልም። ኮንቲኔንታል ሌላ መንገድ መርጧል፤ ቅመሙ አንድ ሆኖ ጎማው ሲበስል የሚያገኘው ሙቀት በመሐልና በትከሻ ስለሚለያይ ጥንካሬው ቀስ በቀስ ይለወጣል።

ሁለተኛው ለውጥ ሲሊካ የሚባለው፣ ከላስቲኩ ጋር የሚደባለቅ ዱቄት ነው። ጎማን የሚያጠቁረው ካርቦን ለላስቲኩ ጥንካሬ ይሰጠዋል፤ ሲሊካ የበዛበት ቅመም ደግሞ በቅዝቃዜ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ እርጥብ አስፋልትም ይይዛል። የሚገዙት ጎማ ትከሻው ላይ ብዙ ሲሊካ እንዳለው የአምራቹን መግለጫ አይተው ያረጋግጡ፤ ከጥርሱ ቅርጽ ይልቅ ብዙ የሚነግርዎት ይኸው ነው።

ስንት ኪሎ ሜትር ይሄድልኛል?

የኋላው ስፖርት ቱሪንግ ከ8,000 እስከ 15,000፣ ስፖርቱ ከ4,000 እስከ 7,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ የተለመደ ነው። መንገድ ላይ የተነዳ የትራክ ጎማ 3,000 ሳይሞላ መሐሉ ሊያልቅ ይችላል። የፊቱ አብዛኛውን ጊዜ ከኋላው ይበልጥ ይቆያል።

ልዩነቱን የሚያሰፋው ነጂው ነው። የ1000 ሲሲ ሞተር ከመብራት ሲነሳ ነዳጅ በኃይል የሚሰጥ ሰው ከላይ የተጻፈውን ቁጥር በግማሽ ይቀንሰዋል። ሻካራ አስፋልት፣ ሞቃት አየር፣ ጓደኛ ጭኖ መንዳትና ያነሰ አየር የቀረውን ይበላሉ።

የአየር ግፊቱ ስንት ይሁን?

ለአብዛኞቹ የስፖርት ሞተሮች ፊት 36፣ ኋላ 42 ፒኤስአይ ነው፤ በባር 2.5 እና 2.9። የእርስዎ ሞተር ልክ በካቴና መሸፈኛው ወይም ከኋላ ጎማ ጎን ባለው ክንድ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። በጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ግን ከፍተኛው ጣሪያ ነው እንጂ የሚሞላበት ልክ አይደለም፤ ጎሚስታው በዚያ ልሙላ ቢልዎ እሺ አይበሉ።

የሚለካው ቀዝቃዛ ሳለ ነው፤ ሞተሩ ከቆመ ሦስት ሰዓት ያህል ሲሞላው። ከተነዳ በኋላ የኋላው ከ42 ወደ 46 ወይም 47 ቢወጣ ጤነኛ ነው፣ አየር አያስተንፍሱ። የአየሩ ሙቀት በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ሲለዋወጥ ግፊቱ በ1 ፒኤስአይ ያህል አብሮት ይወጣል ይወርዳል፤ ወቅት ሲቀየር መለካት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በሁለት ሳምንት አንዴና ከረጅም ጉዞ በፊት፣ ሁልጊዜ በዚያው በራስዎ መለኪያ ይለኩ። ነዳጅ ማደያ ያለው መለኪያ ስንቴ መሬት ላይ እንደወደቀ አይታወቅም።

አየር ሲያንስ ጎማው በየዙሩ እየተጣጠፈ ይግላል፣ ትከሻው ቶሎ ይበላል፣ መሪው ይከብዳል። ሲበዛ መሬት የሚነካው ስፍራ ይጠብባል፣ መሐሉ ብቻውን ያልቃል፣ ሞተሩም በትንሽ ጉድጓድ ይዘላል። ጥሩ ጎማ ገዝተው «አይይዝም» ብለው ከሚያማርሩት ብዙዎቹ 30 ፒኤስአይ ላይ ሲነዱ የሚገኙ ናቸው።

አዲስ ጎማ ያንሸራትታል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ገጹ ገና ልሙጥ ነው፣ ከቅርጽ ማውጫው በቀላሉ እንዲላቀቅ የተቀባው ነገርም ሊኖርበት ይችላል። የመጀመሪያዎቹን 150 ኪሎ ሜትር ያህል በዝግታ ይንዱ፤ ድንገተኛ ፍሬንና ድንገተኛ ነዳጅ የለም፣ ማጋደሉም ደረጃ በደረጃ ይጨምር። መሐሉ ተፍቆ ትከሻው ገና የሚያብለጨልጭ ከሆነ አዲሱ ክፍል አልተነካም ማለት ነው፤ ከሳምንት በኋላ በአንድ ጥልቅ ኩርባ የሚወድቀው ነጂ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው።

በቤንዚን ማጠብ ወይም በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ አያስፈልግም፤ ቤንዚን ላስቲኩን ይጎዳል። ጎማ የሚያጠቁር ቅባት ደግሞ ጥርሱ ላይ ፈጽሞ አይደርስም፣ በጎኑ ላይም ባይቀባ ይሻላል።

ግራ ቀኝ እያወላወልኩ ብነዳ ጎማው ይሞቃል?

እምብዛም። ጎማን የሚያሞቀው በጫና መጨፍለቁና መመለሱ ነው፤ ይህ ደግሞ በፍሬንና በነዳጅ ይመጣል። ቀጥታ መንገድ ላይ ጠንከር ብሎ ግን በልኩ ፍሬን መያዝና ነዳጅ መስጠት ከመወላወሉ ይበልጥ ይሠራል። በቀዝቃዛ ጎማ መወላወል ራሱ ሊጥልዎት ይችላል።

ሰፋ ያለ የኋላ ጎማ ብገጥም የተሻለ ይይዛል?

አይይዝም፤ ብዙ ጊዜ ይብሳል። 180/55 ለ5.5 ኢንች ቸርኬ፣ 190 ስፋት ያለው ለ6 ኢንች ቸርኬ የተሠራ ነው። 190ውን በ5.5 ላይ ሲያስገቡት ጎኖቹ ተጨፍልቀው መሐሉ ይሾላል፤ ሲያጋድሉ መሬት የሚነካው ስፍራ አምራቹ ያሰበው አይሆንም። ለዓይን ወፍራም ሆኖ መታየቱ ብቻ ነው ትርፉ።

ቁመትም ይለወጣል። የ180/55 ጎን 99፣ የ190/50 95፣ የ190/55 ደግሞ 104.5 ሚሊ ሜትር ነው። በ6 ኢንች ቸርኬ ላይ 190/50 ይዘው የመጡ ሞተሮች ወደ 190/55 ሲቀየሩ የኋላቸው 9.5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ኩርባ ውስጥ ቶሎ ይገባሉ። ይህን ለውጥ የሚወዱት ብዙ ናቸው፣ ምክንያትም አላቸው። ከመግዛትዎ በፊት ግን ጎማው ከካቴናው፣ ከጭቃ መከላከያውና ከክንዱ ጋር ያለውን ክፍተት ይለኩ፤ ጎማ በከፍተኛ ፍጥነት ትንሽ እንደሚያብጥም ያስቡ። ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ) እና የመንሸራተት መቆጣጠሪያ ያለው ሞተር የሁለቱን ጎማዎች ዙር ስለሚያነጻጽር፣ አምራቹ ከፈቀደው መጠን መውጣት ስሌቱን ያዛባበታል።

የኋላው ብቻ ሲያልቅ ሌላ ሞዴል ብገጥምበትስ?

አንድ ዓይነት ሞዴል ይሁን፣ ካልተቻለም ከዚያው አምራች ከዚያው ክፍል። የፊትና የኋላ ጎማ ክብነት ተመጣጥኖ ስለሚሠራ፣ የሾለ ፊት ከጠፍጣፋ ኋላ ጋር ሲገናኝ ሞተሩ ኩርባ ውስጥ ሁለት ሐሳብ ያለው ይመስላል። ሰው የሚረሳው ሌላ ነገር አለ፦ ዝናብ የሚችል ኋላና ደረቅ ብቻ የሚወድ ፊት አንድ ላይ ከሆኑ፣ በእርጥብ መንገድ መጀመሪያ የሚሾልከው የፊቱ ነው። የኋላ መንሸራተት አንዳንዴ ይመለሳል፤ የፊቱ ግን ጊዜ አይሰጥም። ራዲያልን ራዲያል ካልሆነ ጎማ ጋር ማጣመር ደግሞ የለም።

ቦይ የበዛበት ጎማ በደረቅ መንገድ አይይዝም?

ቦይ የሚያስፈልገው ውሃ ለማስወጣት ነው፤ በደረቅ መንገድ የሚይዘው መሬት የነካው ላስቲክ ነው። ስለዚህ በንድፈ ሐሳብ ቦይ የሌለው ልሙጥ ጎማ ያሸንፋል። በተግባር ግን መንገድ ላይ በሚደረስበት ማጋደል ልዩነቱ አይሰማም። በዘመናዊ ጎማ የትከሻው ጫፍ ላይ ቦይ የማይደረገውም ለዚህ ነው፤ በዝናብ እስከዚያ የሚያጋድል የለም።

የኋላ ጎማዬ መሐሉ ተደፍጥጦ አራት ማዕዘን መሰለ፤ ይሠራል?

ረጅም ቀጥታ መንገድ የሚነዳ ሞተር ሁሉ ይደርስበታል። ምልክቱ ሲያጋድሉ መጀመሪያ እምቢ ብሎ፣ ከጠርዙ ሲያልፍ ደግሞ በድንገት የሚወድቅ ስሜት ነው። ጥርሱ ገና ከልኩ በላይ ከሆነ ቀስ ብሎ መንዳት ይቻላል፤ ስሜቱ ካስፈራዎት ግን የ1 ሚሊ ሜትር ትርፍ ለማግኘት ብለው አይታገሱ። ለሚቀጥለው ጊዜ መሐሉ ጠንካራ የሆነ ባለ ሁለት ቅመም ይግዙ፣ አየሩንም ከልኩ አያሳልፉ።

የፊቱስ ለምን እንደ መጋዝ ጥርስ እየተፈራረቀ ይበላል?

እያንዳንዱ የጥርስ ቁራጭ በፍሬን ጊዜ ስለሚታጠፍ አንዱ ጫፉ ከሌላው ይበልጥ ያልቃል፤ በመጠኑ ከሆነ የተለመደ ነው። ሲብስ ግን መሪው ይንቀጠቀጣል፣ በዝግታ ሲሄዱም የሚጉረመርም ድምፅ ይሰማል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ያነሰ አየር ነው። ቀጥሎ ያረጀ የፊት ሹካ ዘይት፣ የላላ የመሪ ኩሽኔታ፣ ከዚያም ባላንስ ያልተደረገ ጎማ ይታያል። ጎማውን ብቻ ቀይረው እነዚህን ካልነኩ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሄዳል።

መቼ ነው መቀየር ያለበት?

በቦዮቹ ውስጥ ትናንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ቦታቸው በጎማው ጎን «ቲደብሊውአይ» በሚል ወይም በሦስት ማዕዘን ምልክት ይጠቆማል። ጥርሱ ከጉብታው እኩል ከሆነ አልቋል። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል፦ ጀርመን 1.6፣ ብሪታንያ ከ50 ሲሲ በላይ ለሆኑ ሞተሮች 1 ሚሊ ሜትር ትጠይቃለች። ዝናብ ውስጥ የሚነዳ ሰው 2 ሚሊ ሜትር ላይ ቢቀይር ይሻለዋል፤ ውሃ የሚወጣበት ቦታ ከዚያ በታች በጣም ጠባብ ነውና።

ሲለኩ መሐሉን፣ ግራና ቀኝ ትከሻውን፣ በጎማው ዙሪያም ሦስት ቦታ ይለኩ። በአንድ በኩል እብጠት፣ ቁርጥ ወይም ሽቦ ከታየ ጥልቀቱ ምንም ቢሆን አይነዳም።

ምስማር ገባበት፤ አስጠግኜ ልቀጥል?

ቀዳዳው በጥርሱ መሐል ከሆነና ከ6 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ፣ ጎማው ከቸርኬው ወጥቶ ከውስጥ በኩል በእንጉዳይ ቅርጽ መድፈኛ ይጠገናል። ጎኑና ለጎኑ የቀረበው ትከሻ አይጠገንም። ከቸርኬው ሳያወጡ ከውጭ የሚገፋው ገመድ ቤት ለመድረስ ብቻ ነው፤ በእሱ ላይ በሙሉ ፍጥነት መንዳት ሕይወትን በገመድ ማንጠልጠል ነው።

አየር ሳይኖረው ጥቂት እንኳ ተነድቶ ከነበረ ውስጡ ይታይ። በውስጠኛው ገጽ ጥቁር ብናኝ ወይም የተሸበሸበ ክበብ ካለ ጎኑ ተሰባብሯል፤ ይጣል። ያላግባብ ተጠግኖ የሚሸጥ ጎማ ያለው አደጋ ይህን ከውጭ ማየት አለመቻሉ ነው።

ሲገጠም ምን ምን ልመልከት?

ቀስቱ ወደ መንከባለያው አቅጣጫ መሆኑን። የፊቱ ጎማ ቦይ ከኋላው ተገልብጦ ሊታይ ይችላል፤ «ተሳሳተ» ብለው አያስገልብጡት፣ ቀስቱን ብቻ ይመኑ። ፊት የሚሸከመው የፍሬን ጫና፣ ኋላ የሚሸከመው የሞተሩ ግፊት ስለሆነ ነው እንዲህ የሚሠራው።

የአየር መሙያው ቫልቭ አብሮ ይቀየር፤ ርካሽ ነው። ጎማው ላይ የቀላል ጎን ነጥብ ካለ ከቫልቩ አጠገብ ይሁን፣ ከዚያ ባላንስ ይደረግ። የአክሰሉ ቡሎን በመመሪያው ልክ በቶርክ ቁልፍ (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ይጠበቅ፣ የካቴናው ውጥረትና የጎማው ቀጥታነትም ይታይ። ሞተሩን ሲረከቡ የፊት ፍሬኑን ሁለት ሦስት ጊዜ ጨምቀው ጠንካራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ጎማ ሲወጣ የፍሬኑ ሸራዎች ተገፍተው ይቀራሉ፣ የመጀመሪያው ጭምቅ ባዶ ሊሆን ይችላል።

በዚሁ የመንገድ ጎማ አልፎ አልፎ ትራክ ብወጣስ?

ይቻላል፤ ስፖርቱ በደንብ፣ ስፖርት ቱሪንጉም ለጀማሪ ቡድን ይበቃል። ችግሩ መያዝ ማጣት ሳይሆን ከልክ በላይ መጋሉ ነው። በ36 እና 42 ቀዝቃዛ ግፊት ከወጡ፣ በሦስተኛው ዙር ግፊቱ ወጥቶ ጎማው መንሳፈፍ ይጀምራል። የጎማው አምራች ለትራክ የሚሰጠውን ግፊት ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው፣ በተለይ የኋላው። ከትራኩ እንደወጡ ወዲያው ለክተው ያስተካክሉ፤ ወደ ቤት ከመንዳትዎ በፊት ደግሞ ጎማው ቀዝቅዞ በመንገዱ ልክ እንደገና ይሙሉ።

ገጹን ያንብቡ። ደቃቅ ጭረትና ደብዘዝ ያለ ቀለም ከሆነ ልክ ነው። ላስቲኩ እየቀለጠ ወደ ትከሻው ጫፍ ተሰብስቦ ከተንጠለጠለ ጎማው ከአቅሙ በላይ ተሠርቶበታል፤ ፍጥነት ይቀንሱ ወይም ዕረፍቱን ያስረዝሙ። እየተቦጨቀ የሚነሳ ከሆነ ግፊቱን ወይም የኋላውን አሞርዛተር አሠራር ይመርምሩ፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በአንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ይለውጡ።